ሊጉ ሲሰፋ በሩ ለማን ተከፈተ?

ኦገስት 2009 ላይ የእስራኤል የላይኛው ሊግ፣ ሊጋት ሃዓል፣ ሲጀመር የቡድኖቹ ብዛት ከ12 ወደ 16 ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብሎ የደረጃ ሰንጠረዡን እያየ "እነዚህ ሁሉ ደግሞ ከየት መጡ?" ማለቱን ነው። ሃፖኤል አኮ፣ ሃፖኤል ራዓናና፣ ሃፖኤል ራማት ጋን፣ የናዝሬቱ ማካቢ አሂ። ለሱ ኳስ ማለት ቴል አቪቭ፣ ሃይፋና ኢየሩሳሌም ብቻ ነበር።

የአባቴ ጥያቄ ዛሬም አልሞተም። ላይኛው ሊግ ስንት ቡድን ይበቃዋል የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። እስቲ ያኔ የሆነውን እንየው።

በ12 ቡድን ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሦስት ጊዜ ይገናኛል፤ በዓመት 33 ጨዋታ ማለት ነው። ያው ፊት፣ ያው ጨዋታ። ሊጉ ወደ 16 ሲሰፋ ግን ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ተገናኝተው 30 ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዚያ ነጥባቸው ለሁለት ይከፈልና በፕሌይ ኦፍ ይለያሉ። የነጥቡ መከፈል ብዙ ሰው አናዷል። በመጀመሪያው ዓመት ማካቢ ሃይፋ መደበኛውን ዙር በቀዳሚነት ጨርሶ ሳለ፣ ልዩነቱ ጠበበና በሜይ 2010 የመጨረሻው ቀን ላይ ኤራን ዛሃቪ በቴዲ ስታዲየም በ92ኛው ደቂቃ ባገባት ጎል ዋንጫውን ሃፖኤል ቴል አቪቭ ወሰደ። የሃይፋ ደጋፊ ይህችን ቀን የሚረሳት አይመስለኝም።

የ16ቱ ሊግ ዕድሜው አጭር ነበር። ከ2012-13 ጀምሮ ቁጥሩ ወደ 14 ወረደ። የሚቃወሙት ሰዎች ምክንያት ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ ለብዙ ቡድን ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፣ ደካማ ጨዋታ ይበዛል፣ የትንሽ ከተማ ሜዳም ብዙ ጊዜ መስፈርቱን ስለማያሟላ ቡድኑ "የቤት" ጨዋታውን ሌላ ከተማ ሄዶ ይጫወታል። ደጋፊውም ቢሆን የራሱን ቡድን ለማየት አውቶቡስ መሳፈር አለበት።

ታዲያ ሙከራው ከሸፈ ማለት ነው? እኔ እንደሱ አልልም። ሊጉ በሰፋበት ዓመት ወደ ላይ ካደጉት አንዱ ሃፖኤል ቤር ሸቫ ነው። ያ ቡድን በ2016 ከ40 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2017ና በ2018ም ደገመው። በ2016 ኢንተር ሚላንን ጣሊያን ድረስ ሄዶ 2 ለ 0 አሸነፈ። ኪሪያት ሽሞናም አለች። በ2009 ወርዳ፣ በ2010 ተመልሳ፣ 16 ቡድን በነበረበት በ2012 ዋንጫውን አነሳች። የሰሜን ዳር ከተማ ትልልቆቹን ሁሉ አስከትላ!

በሌላ በኩል የናዝሬቱ ማካቢ አሂ በገባበት ዓመት ወረደ። ሃፖኤል ራዓናናም እንዲሁ። ልዩነቱ ምንድነው? ቤር ሸቫ በ2007 ክለቡን ገዝተው ለዓመታት የታገሉለት አሎና ባርካት ነበሩት፤ ሰፊ ደጋፊ ነበረው፤ በ2015 ደግሞ አዲስ ስታዲየም ገባ። ኪሪያት ሽሞናም ከሥሩ የገነባው ኢዚ ሽራትስኪ ከጎኑ ነበር። ሊጉ በሩን ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም።

አሁን ወደኛ ልጆች እንምጣ። በአንድ ቡድን ውስጥ 25 ያህል ተጫዋች ካለ፣ አራት ቡድን ሲጨመር 100 ያህል ቦታ ይከፈታል። በወረቀት ደስ ይላል። ነገር ግን ላለመውረድ የሚጨነቅ አሠልጣኝ የ18 ዓመት ልጅ ላይ አይወራረድም፤ ልምድ ያለውን ወይም ከውጭ የመጣውን ያስገባል። ስለዚህ ቦታው ቢበዛም ለሰፈራችን ልጅ በቀጥታ አይደርሰውም።

እንደሚቻል ግን አይተናል። በኢትዮጵያ ተወልዶ ጨዋታውን በአሽዶድ የጀመረው ባሩክ ደጎ ከማህበረሰባችን ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ነው። ኤሊ ዳሳም ሊጉ 16 ቡድን በነበረበት ዘመን በቤታር ኢየሩሳሌም ዋና ቡድን መጫወት ጀምሮ፣ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እስከመሆን ደረሰ። እነዚህ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። ከዋናው ቡድን በፊት የታዳጊዎች ክፍል ነበር፤ ከዚያም በፊት የሚያመላልስ ወላጅ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ወላጆች የሚደክሙት። የሁጉ ክፍያ አለ፣ ጫማው አለ፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ማመላለስ አለ። ሻባትን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ደግሞ ጨዋታው ሻባት ላይ ሲሆን ከባድ ምርጫ ይመጣል። አንዳንድ ጎበዝ ልጅ ኳሱን የሚተወው ችሎታ አንሶት ሳይሆን ቤቱ ስለደከመው ነው።

ስለዚህ እንደገና "ሊጉ ይስፋ" ሲባል ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ ደስ ይለኛል። አዲሱ ቡድን በራሱ ከተማ የራሱ ሜዳ አለው? ለታዳጊዎቹ ስንት ያወጣል? መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅስ እንዴት ይገባል? መልስ ካለው 16ም ይሁን 18 ይግባ። መልስ ከሌለው ግን በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል፣ የሰፈሩም ልጅ እዚያው በረንዳው ላይ ኳሷን ሲያነጥር ይቀራል።

አባቴ አሁንም የደረጃ ሰንጠረዡን ያያል። ከላይ ያሉትን ካየ በኋላ ግን ወደ ታች ወርዶ ከሁለተኛው ሊግ ማን እየመጣ እንደሆነ ይጠይቀኛል።