ጽጌረዳ በማሰሮ፦ ክረምቱን እንፍራ ወይስ ውርጩን?

ስለ ጽጌረዳ አተካከል በአውሮፓ የሚታተሙ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ተክሉን ከክረምት ስለመከላከል የሚያትት ምዕራፍ አላቸው። ይህን ምክር ቃል በቃል ወስዶ በሐምሌ ተክሉን በጭድ የሚጠቀልል ሰው ግን የሚያተርፈው የበሰበሰ ግንድ ነው። የእነርሱ ክረምት የበረዶ፣ የእኛው የዝናብ ወቅት ነውና። በደጋችን ጽጌረዳን የሚያቃጥለው ቅዝቃዜ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ሌሊቶች ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መሬትና ቅጠል ቀን የተቀበሉትን ሙቀት ሌሊት ኢንፍራሬድ በተባለው የማይታይ ጨረር አማካይነት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። በክረምት ደመናው የዚህን ጨረር ከፊል መልሶ ስለሚልክ፣ ብርዱ ቢሰማንም ውርጭ አይጥልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ በመሆኑ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። በዚህም ምክንያት በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ ሴልሺየስ እያሳየ የቅጠሉ ገጽ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከሙቅ አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ከእንጦጦ በስተሰሜን በተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአውሮፓ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ጽጌረዳ ቅጠሏን አራግፋ ታንቀላፋለች፤ ያንቀላፋ ግንድም ጠንካራ ቅዝቃዜን ይችላል። በእኛ አካባቢ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ተክሏ ዓመቱን ሙሉ ታቆጠቁጣለች። ውርጩ የሚያገኛት እንግዲህ ለጋ ቀንበጥ ይዛ ነው። ስለዚህ በጥቅምት መግረዝም ሆነ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መጨመር ለውርጭ መኖ ማዘጋጀት ነው፤ ዋናው ግርዛት ከጥር መገባደጃ በኋላ ይሁን። በአጥርና በጫካ ዳር ነጭ አበባ የምታብበው የአገራችን የዱር ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ በዚሁ ከፍታ ያለ ማንም ጠባቂ እንደምትኖር ልብ ይሏል።

በዕቃ የተተከለ ጽጌረዳ ተጨማሪ ችግር አለበት። መሬት ውስጥ ያለ ሥር ቅዝቃዜ የሚደርስበት ከላይ ብቻ ሲሆን ማሰሮ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ግን በጎኑም ሙቀት ያጣል። የዕቃው ስፋትና ጥልቀት በእጥፍ ቢያድግ የሚይዘው አፈር 8 እጥፍ፣ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ግን 4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ትንንሽ ጣሳዎች ለጽጌረዳ የማይመከሩት ለዚህ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ይሻላል። ዕቃዎቹን ከግድግዳ ሥር አጠጋግቶ ማስቀመጥም ይረዳል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላቸዋልና። ውርጭ ሲጠበቅ አፈሩን ጠዋት ማጠጣት፣ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቅጠሉን በማይነካ ሁኔታ ጆንያ በእንጨት ላይ መዘርጋት፣ ሲነጋም ማንሣት በቂ ነው። ስስ ላስቲክ ግን እምብዛም አያስጥልም፤ አብዛኛውን የኢንፍራሬድ ጨረር ያሳልፋል፣ ቅጠሉን ሲነካም ቅዝቃዜውን ያስተላልፋል።

የክረምቱ ጠላት ውኃ ነው። ኦክስጂን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገመ ፍጥነት ነው። የውኃ መውጫ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ፣ በተለይም መረሬ አፈር ከተሞላ፣ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ባለቤቱ ጠማው ብሎ ውኃ ይጨምርበታል! መረሬውን ከቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ማደባለቅ፣ ዕቃውንም በድንጋይ ከመሬት ከፍ ማድረግ ይህን ያስቀራል። ጥቁር ነጠብጣብ የተባለው የቅጠል በሽታ ደግሞ ዘሩ እንዲበቅል ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በሰበታና በሆለታ የአበባ እርሻዎች የላስቲክ ጣሪያ ከሚሰጠው አገልግሎት አንዱም ቅጠሉን ከዝናብ መሸፈን ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚያለማ ሰው ብርሃን የሚያገኝ የበረንዳ ክዳን ይህንኑ ሥራ ይሠራል።