የክላውድ አስተዳደር ደንቦች በአዲስና በነባር ንብረቶች ላይ የሚያስከትሉት ውጤት

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ ባወጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ደንቡ የሚመለከተው ከእንግዲህ ወዲያ የሚመጣውን ብቻ ነው ወይስ ከዚህ በፊት የነበረውንም ይጨምራል የሚለው ነው። በትምህርት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ይህን ጥያቄ በሚገባ ያውቀዋል። ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ አዲስ ገቢው ተማሪ በአዲሱ ደንብ እንደሚስተናገድ ግልጽ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት የደረሰው ተማሪ ግን በየትኛው ደንብ ይመረቃል የሚለው ብዙ ስብሰባ የሚያስጠራ ጉዳይ ይሆናል። በወንጀል ሕግ ረገድ ጥያቄው መልስ አግኝቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ፣ ለተከሳሹ የሚጠቅም ካልሆነ በቀር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ያዛል። ይኸው ጥያቄ ዛሬ ተቋማት ሥራቸውን በሚያካሂዱበት የክላውድ አገልግሎት ዘንድም ይነሣል፤ መልሱም ብዙ ኀላፊዎች ከሚገምቱት የተለየ ሆኖ ይገኛል።

ክላውድ የሚባለው፣ አንድ ድርጅት ሰርቨርና የመረጃ ማከማቻ ገዝቶ በግቢው ከማኖር ይልቅ የሌላ ድርጅት የሆኑትን መሣሪያዎች በኢንተርኔት አማካይነት ተከራይቶ በተጠቀመበት መጠን የሚከፍልበት አሠራር ነው። አማዞን ይህን አገልግሎት ለሕዝብ ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ አዙር በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2010 ተከተለ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጓሜ ለክላውድ አምስት መሠረታዊ ባሕርያትን ይሰጠዋል። ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያ የተጠቀሰው፣ ተጠቃሚው የአቅራቢውን ሠራተኛ ሳያነጋግር የሚፈልገውን በራሱ እጅ ማግኘት መቻሉ ነው።

የአስተዳደሩም ችግር የሚመነጨው ከዚሁ ባሕርይ ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ሰርቨር ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባው በግዥ ክፍል በኩል አልፎ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ነበር። ሂደቱ ቢያሰለችም እያንዳንዱ ዕቃ ባለቤትና መለያ ቁጥር እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። በክላውድ ግን አንድ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዐሥር ሰርቨሮችን መፍጠር ይችላል። የማን እንደሆኑ፣ ለምን ሥራ እንደዋሉ፣ በየትኛው አገር እንደተቀመጡ የሚጽፍ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በመካከል የለም። የአስተዳደር ደንቦች የተፈለሰፉት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ሥራቸውን ለማስረዳት እንዲያመች ይህ ጽሑፍ በማይክሮሶፍት አዙር ላይ ያተኩራል፤ በክላውድ የሚፈጠረውን ማንኛውንም ነገር፣ ሰርቨርም ሆነ የመረጃ ማከማቻ፣ ንብረት በሚል አንድ ቃል ይጠራዋል።

ደንብ እንዴት ይሠራል?

በአዙር ደንብ የሚጻፈው ሁኔታን ከውጤት ጋር በማያያዝ ነው። «ንብረቱ እንዲህ ያለ ሆኖ ከተገኘ ይህ ይደረግበት» እንደ ማለት ነው። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ በአንድ ክልል ላይ ይመደባል። ክልሉ መላውን ተቋም የሚያቅፍ የአስተዳደር ቡድን፣ አንድ የደንበኝነት ውል፣ ወይም በውሉ ሥር ያለ አንድ የንብረት ቡድን ሊሆን ይችላል። ያልተመደበ ደንብ በፋይል ውስጥ እንደተቀመጠ ረቂቅ ነው፤ በማንም ላይ አይሠራም።

ከተመደበ በኋላ ደንቡ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው በበር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው። አንድ ሰው ንብረት ለመፍጠር ወይም የነበረውን ለማሻሻል ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ጥያቄው ከመፈጸሙ በፊት ከደንቡ ጋር ይነጻጸራል። ሁለተኛው እንደ ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ያለ ነው፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በየ24 ሰዓቱ መደረጉ ነው። በዚህ ቆጠራ በክልሉ ያለው ንብረት ሁሉ ይመረመርና ከደንቡ ጋር የተስማማውና ያልተስማማው ተለይቶ ይመዘገባል። አዲስ ንብረት በሁለቱም ያልፋል። ነባሩ ግን፣ ማንም እስካልነካው ድረስ፣ የሚያገኘው ቆጠራው ብቻ ነው። ቆጠራ ደግሞ ይጽፋል እንጂ አያፈርስም።

ጉዳዩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. እስከ ማርች 2019 ድረስ ማይክሮሶፍት በአፍሪካ ምድር የአዙር ማዕከል አልነበረውም፤ በዚያ ወር በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግና በኬፕታውን፣ ከፈተ። ከዚያ በፊት አዙርን መጠቀም የጀመረ አንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨሮቹን ኔዘርላንድስ በሚገኘው የምዕራብ አውሮፓ ማዕከል ተክሎ ነበር እንበል። በኋላ የተቋሙ አመራር የተማሪዎች መረጃ ከአህጉሩ እንዳይወጣ ወስኖ፣ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ማናቸውም ንብረት እንዳይፈጠር የሚከለክል ደንብ መደበ። በማግሥቱ ምን ይሆናል? በአውሮፓ አዲስ ሰርቨር ለመፍጠር የሚሞክር ባለሙያ ጥያቄው ውድቅ ይሆንበታል። በኔዘርላንድስ ያሉት ነባር ሰርቨሮች ግን እንደ ቀድሞው ይሠራሉ። አይዘጉም፤ ከቦታቸውም አይንቀሳቀሱም። በመዝገቡ ላይ «ከደንብ ውጭ» የሚል ቃል ይጻፍባቸዋል፤ ያ ብቻ ነው። አመራሩ ደንቡን ፈርሞ «መረጃችን አሁን በአፍሪካ ነው» ብሎ ቢናገር፣ የተናገረው እውነት አይሆንም።

የዘገየው ክልከላ

እስከዚህ ያለው በቀላሉ የሚገባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ጉዳትም የሚያስከትለው፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የበሩ ፍተሻ የሚደረገው በፈጠራ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በማሻሻልም ጊዜ ነው። ስለሆነም ነባሩ ንብረት ከክልከላው ያመለጠ ይመስላል እንጂ አላመለጠም፤ ክልከላው እስከሚቀጥለው ለውጥ ድረስ ቆይቶለታል።

ያው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምዝገባ የሚያካሂድበት ሰርቨር በኔዘርላንድስ ከሚገኙት አንዱ ይሁን። ደንቡ ከተመደበ በኋላ ለስምንት ወራት ምንም ችግር አልታየም። የምዝገባ ሳምንት ሲደርስ የተማሪው ቁጥር በዝቶ ሰርቨሩ መሸከም ያቅተዋል። ባለሙያውም የሰርቨሩን ዐቅም ከፍ ለማድረግ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ትእዛዝ ለኮምፒዩተሩ የማሻሻያ ጥያቄ ነው፤ ሲፈተሽም ሥፍራው ያልተፈቀደ ሆኖ ስለሚገኝ ውድቅ ይሆናል። ባለሙያው የጠየቀው ዐቅም እንጂ ሥፍራ አይደለም፤ የተሰጠው መልስ ግን ስለ ሥፍራ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ደንቡን ያወጣው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ደንብ የመለወጥ ሥልጣን ያለው ኀላፊም በስብሰባ ላይ ይሆናል። ተማሪው ግን ተሰልፎ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው መሰናክል በተረጋጋ ቀን ራሱን አይገልጥም፤ ንብረቱን መንካት ግድ የሚሆነው በችግር ቀን ነውና።

በአንጻሩ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት እንደ ማሻሻያ ስለማይቆጠር አይከለከልም። ንብረቱን መሰረዝም በተራው ክልከላ አይታገድም፤ መሰረዝን ለማገድ የተዘጋጀ ሌላ የውጤት ዐይነት አለ። እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፤ ከደንብ ውጭ የሆነውን ንብረት ማጥፋት ይቻላል፣ በነበረበት መተውም ይቻላል፣ ማሻሻል ግን አይቻልም።

ይህን ለማስቀረት የሚመከረው አሠራር፣ ደንቡን መጀመሪያ በመከልከል ሳይሆን በመመዝገብ ውጤት መመደብ ነው። የመመዝገብ ውጤት ማንንም አያግድም፤ ከደንብ ውጭ የሆነውን ይጽፋል። አዙር ከዚህ ሌላ የመከልከል ደንብን ራሱን፣ አስገዳጅነቱን ለጊዜው በማንሣት፣ መመደብ ይፈቅዳል፤ ቆጠራው ይካሄዳል፣ በሩ ግን ክፍት ይሆናል። በዚህ መንገድ ተቋሙ ከደንብ ውጭ ያሉትን ንብረቶች ዝርዝር ይዞ፣ ባለቤቶቻቸውን አነጋግሮ፣ የሚዛወረው ተዛውሮ ሲያበቃ ክልከላውን ሊያጸና ይችላል። የአገልግሎቱ ሥራ ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል፤ ደንቡን በአንድ ቀን ጽፎ በዚያው ቀን የሚያጸና ኀላፊ ከቆጠራው ውጤት ይልቅ በግምቱ የተማመነ ነው።

ነባሩን የሚያስተካክሉ ደንቦች

ከመከልከልና ከመመዝገብ ሌላ ንብረቱን ራሱን የሚለውጡ ደንቦች አሉ። አንዱ ዐይነት በጥያቄው ላይ የጎደለውን ይሞላል። ለምሳሌ እያንዳንዱ ንብረት የባለቤቱን የሥራ ክፍል የሚያመለክት ምልክት እንዲኖረው ቢፈለግና ፈጣሪው ቢረሳ፣ ደንቡ ምልክቱን ከንብረት ቡድኑ ወስዶ ይለጥፍለታል። ሌላው ዐይነት ከዋናው ንብረት ጋር መኖር የሚገባው ተጓዳኝ ነገር ከጎደለ፣ ንብረቱ ከተፈጠረ በኋላ ያንኑ ተጓዳኝ ራሱ ይተክላል።

እነዚህም ቢሆኑ በራሳቸው ፈቃድ የሚሠሩት ደንቡ ከተመደበ በኋላ በሚፈጠረው ወይም በሚሻሻለው ላይ ነው። ነባሩ፣ ምልክት የሌለው ቢሆንም፣ እንደገና «ከደንብ ውጭ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ምልክት አይለጠፍለትም። ነባሩን ለማስተካከል የማስተካከያ ሥራ የሚባል ትእዛዝ ለብቻው መስጠት ያስፈልጋል። ትእዛዙን የሚፈጽመው ደንቡ ሲመደብ የተሰጠው የራሱ መታወቂያ ነው፤ መታወቂያውም ለሥራው የሚያበቃ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። በአዙር የድረ ገጽ መሥሪያ በኩል ሲመደብ ሥልጣኑ አብሮ ይሰጣል፤ በፕሮግራም ሲመደብ ግን ሰው ራሱ መስጠት አለበት። ይህ ተዘንግቶ የማስተካከያው ሥራ ሳይፈጸም መቅረቱ የተለመደ ነው።

ሁሉም ነገር በዚህ መንገድ የሚስተካከል አይደለም። ምልክት መለጠፍ ለኮምፒዩተር ቀላል ነው። ከኔዘርላንድስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ማዛወር ግን የአንድ ሰርቨርን አንድ መስመር በመለወጥ አይሆንም፤ በአዲሱ ሥፍራ ሌላ ሰርቨር ተተክሎ፣ መረጃው ተገልብጦ፣ ተፈትሾ፣ አሮጌው መዘጋት አለበት። ይህ የሰው ሥራ ነው፤ በጀትም ይጠይቃል። ስለዚህ ደንብ ሲወጣ በነባሩ ላይ የሚጠይቀው ድካም ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

ሌሎቹ አቅራቢዎችም በአሠራር ቢለያዩ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ መንገድ አልያዙም። በጎግል ክላውድ የድርጅት ደንብ፣ ከጥቂት ተለይተው ከተጠቀሱት በስተቀር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ነባሩ አገልግሎት ደንቡን ጥሷል ቢባልም ሥራውን አያቋርጥም። አማዞን ደግሞ ሁለቱን ሥራዎች ለሁለት ልዩ ልዩ አገልግሎቶች አከፋፍሏቸዋል፤ አንዱ ተጠቃሚዎች ማድረግ የሚችሉትን ይወስናል፣ ሌላው ያለውን ንብረት እየመረመረ ይመዘግባል። የሚወስነው ደንብ በድርጅቱ ዋና የሒሳብ ቁጥር ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ በመሆኑም በዚያ ቁጥር ሥር ሥራ ማካሄድ አይመከርም።

መቶኛውን ስለ ማንበብ

ቆጠራው ሲያበቃ አዙር ለኀላፊዎች የሚያቀርበው አንድ መቶኛ ቁጥር ነው፤ ከንብረቱ ስንት እጅ ከደንቡ ጋር እንደተስማማ ይገልጻል። ይህ ቁጥር ወደ ሪፖርት ለመግባት በጣም የተመቸ ስለሆነ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ይበጃል።

አንድን ነባር ንብረት ከደንቡ ነጻ ማድረግ ይቻላል። ነጻ የሚደረገው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ የደንቡ ዓላማ በሌላ መንገድ ተሟልቷል፣ ወይ ጉድለቱ ለጊዜው እንዲታለፍ ተፈቅዷል። ከላይ ለተጠቀሰው የምዝገባ ሰርቨር ሁለተኛው ትክክለኛ መፍትሔ ይሆን ነበር፤ የምዝገባው ወቅት እስኪያልፍ ዐቅሙን ማሳደግ በተፈቀደ ነበር። ነገር ግን መቶኛው ሲሰላ ነጻ የተደረገው ንብረት ከተስማማው ጋር አንድ ላይ ይደመራል። ከ200 ንብረቶች 120ው የተስማሙ፣ 80ው ከደንብ ውጭ ቢሆኑ ቁጥሩ 60 በመቶ ነው። ከሰማንያው 60ውን ነጻ የሚያደርግ ወረቀት ቢፈረም ቁጥሩ 90 በመቶ ይደርሳል፤ አንድም ሰርቨር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በሌላ በኩል ንብረቱን በምደባው ላይ ከክልሉ ጨርሶ ማስወጣትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከጠቅላላው ድምር ስለሚወጣ በመዝገቡ ላይ እንኳ አይታይም። ከሁለቱ ነጻ ማድረጉ ይሻላል፤ ቢያንስ ምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጣል።

ለነጻ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን መስጠት ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ቀን ያልተሰጠው ፈቃድ ሰው እስኪሰርዘው ድረስ ይጸናል። ቀን የተሰጠው ቀኑ ሲደርስ አይጠፋም፤ ጽሑፉ ለመረጃ ያህል በመዝገብ ይቆያል፣ ኀይሉ ግን ያበቃል። ከዚያ በኋላ በሚደረገው ቆጠራ ንብረቱ እንደገና ከደንብ ውጭ ሆኖ ይገኛል፤ ቀጣዩ የማሻሻያ ጥያቄም ውድቅ ይሆናል።