ለአሮጌ ሞተር የቱ ቤንዚን ይሻላል?

«አሮጌ መኪና ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ችግሩ ብዙዎቻችን «ጥሩ» የሚለውን «ውድ» ብለን መተርጎማችን ነው። እስቲ ሁላችንም የምናውቃትን ባለ 1300 ቮልስ ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመልከት።

አንደኛ፣ ኦክቴን። ኦክቴን የኃይል መለኪያ አይደለም። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው ከሚለኩሰው ውጭ በራሱ እንዳይፈነዳ ያለውን ችሎታ የሚለካ ነው። ያለ አግባብ ከፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲደጋገምም ፒስተን ይበሳል። ቮልስ የምታምቀው ከ7 እጥፍ ትንሽ ከፍ አድርጋ ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ሞተሮች ግን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ያምቃሉ። ስለዚህ 91 ኦክቴን ይበቃታል፤ 95 ብንሞላላት ጉልበት አይጨምርላትም፣ ገንዘብ መጣል ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ ግን ለሞተሩ ድምፅ ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ እርሳስ። ድሮ ኦክቴን ለማሳደግ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውሁድ ይጨመር ነበር። የቫልቭ መቀመጫንም ከመበላት ያድን ነበር። ሆኖም ጭሱ የሕፃናትን አእምሮና የመማር ችሎታ ስለሚጎዳ አገሮች አንድ በአንድ ተዉት፤ አልጄሪያም በ2013 ዓ.ም. በመጨረሻ አቆመች። ለእኛ ለመምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም! የቮልስ ቴስታታ አሉሚኒየም ሆኖ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ የተገጠመለት ስለሆነ ያለ እርሳስ ይሠራል። መቀመጫቸው በራሱ በቴስታታው ለስላሳ ብረት ላይ የተቀረጸ ብዙ የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ግን በከባድ ጭነትና በረጅም ጉዞ ይበላሉ። መፍትሔው ቴስታታው ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው።

ሦስተኛ፣ ኢታኖል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፣ ይሰነጥቃል። በቮልስ ደግሞ የቤንዚኑ ቱቦ የሚያልፈው ከጋለ ሞተር አጠገብ ነው። ከዚያ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል።

እንግዲህ ማደያ ከመግባታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሞተሩ ስንት እጥፍ ያምቃል? የቫልቭ መቀመጫው ከምን ተሠራ? ቱቦው መቼ ተለወጠ? ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማሟላት ኪሳችን ካልፈቀደ፣ ኢታኖል የሚችለውን ቱቦ እናስቀድም።