ካርቦን በውሃ ሲገዛ፦ ከቆላው ማሽላ እስከ ግሸን አምባ

መስከረም 21 ቀን ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዝ ሰው ከአምባሰል ቆላማ ሸለቆዎች ተነሥቶ በመስቀል ቅርጽ ወደሚታወቀው አምባ ሲወጣ፣ የሚያየው ሰብል ከከፍታው ጋር ይለወጣል። በቆላው ማሽላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በደጋው ገብስና ስንዴ፣ በድንጋያማው ቦታ ደግሞ ቁልቋልና እሬት ይገኛሉ። ለመሆኑ እነዚህ ዕፅዋት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዙት በአንድ ዓይነት መንገድ ነውን? አይደለም። ልዩነቱን በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ከፊዚክሱ እንነሣ። ከ10,000 የአየር ሞሊኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 4 ያህሉ ብቻ ናቸው። ቅጠል ይህን ጥቂት ጋዝ ለማስገባት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን መክፈት አለበት። ይሁን እንጂ የቅጠሉ ውስጥ በውሃ ተን የተሞላ ስለሆነ ተኑ በዚያው ቀዳዳ ወደ ደረቁ አየር ይወጣል። እንግዲህ ተክል ካርቦንን የሚገዛው በውሃ ነው ማለት ይቻላል።

ገብስና ስንዴ ጋዙን በቀጥታ የሚይዙት ሩቢስኮ በተባለ ኢንዛይም ነው። የመጀመሪያው ውጤት 3 ካርቦን ስላለው መንገዱ ሲ-3 ይባላል። ሜልቪን ካልቪን ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሂደት በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የሩቢስኮ ጉድለት ኦክስጅንንም አብሮ መያዙ ነው፤ ብክነቱም ከሙቀት ጋር ይጨምራል። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞሊኪውል ለመያዝ 400 ያህል የውሃ ሞሊኪውሎች ይተናሉ።

ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ በሲ-4 መንገድ ይጠቀማሉ። ሃችና ስላክ እ.ኤ.አ. በ1966 በሸንኮራ አገዳ ላይ እንዳብራሩት፣ ኦክስጅን የማያታልለው ሌላ ኢንዛይም ጋዙን ይዞ 4 ካርቦን ያለው አሲድ ይሠራል። አሲዱ ወደ ውስጠኞቹ ሕዋሳት ተሻግሮ ጋዙን ለሩቢስኮ አጠራቅሞ ያቀርባል። የውሃው ወጪ ወደ 150 ገደማ ይወርዳል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ጉልበት ያስከፍላል። በቀዝቃዛው ደጋ የሩቢስኮ ብክነት አነስተኛ በመሆኑ ይህ ወጪ እምብዛም አያዋጣም።

ቁልቋልና እሬት ቀዳዳቸውን በዋናነት የሚከፍቱት በቀዝቃዛው ሌሊት ነው። ጋዙን በአሲድ መልክ አከማችተው፣ ቀን በራቸውን ዘግተው በብርሃን ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤው፣ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ገደማ ግን ጣዕም እንደሚያጣ ገልጿል። (የቁልቋል ወተት ጎጂ ስለሆነ ማንም እንዳይቀምሰው!) ካም በተባለው በዚህ መንገድ የውሃው ወጪ 50 ያህል ብቻ ነው፤ የሌሊቱ ማከማቻ ውስን በመሆኑ ግን ዕድገቱ አዝጋሚ ነው።

ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ጉዳይ አይደለም። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ዝናብ በወሎ ሲጠፋ ምን እንደደረሰ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ማሽላም ቢሆን ያለ ዝናብ አያፈራም፤ ሆኖም ያለችውን ውሃ ይበልጥ ይቆጥባል። ገበሬው ሰብሉን በከፍታ መደልደሉ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። የአየር ንብረቱ በሞቀ ቁጥር ለገብስ የሚስማማው ቅዝቃዜ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከአምባው አናት በላይ ግን የሚታረስ መሬት የለም።