ስለ ትንንሽ የአትክልት ቦታ ሞተሮች አጠባበቅና ስለ ሻጩ ድርሻ

ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ውስጥ የሚረባ ዘይት የለውም። ፋብሪካው በጉዞ ላይ እንዳይፈስ ሲል ባዶውን አድርጎ ይልከዋል፤ ይህንኑም በወረቀት ጽፎ ከሞተሩ ጋር ያያይዘዋል። ወረቀቱ ግን በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ገዥው ሳያነበው ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ቤንዚን ይሞላል፤ ገመዱን ይስባል፤ ሞተሩም ይነሣል። ለጥቂት ጊዜ በመልካም ድምፅ ይሠራል፤ ቀጥሎ ድምፁ ይለወጣል፤ በመጨረሻም በድንገት ቀጥ ይላል፤ ገመዱም ከዚያ ወዲያ አይሳብም።

በማግስቱ ደንበኛው ሞተሩን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። «የሸጡልኝ ዕቃ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም» ይላል። ባለሱቁም «ከዚህ ሲወጣ ደኅና ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን ደንበኛው ገንዘቡን፥ ባለሱቁ ስሙን፥ አስመጪውም የሚቀጥለውን ትእዛዝ በአንድ ቀን ያጣሉ፤ ይህም ሁሉ የሆነው ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሊወዳደር በማይችል ከግማሽ ሊትር ጥቂት በሚበልጥ ዘይት ምክንያት ነው። አንዳንድ ሞተሮች ዘይት ሲጐድል ራሳቸውን የሚያጠፉበት መሣሪያ አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም፤ በተለይ በሣር ማጨጃ መኪናዎች ላይ ይህን መሣሪያ ማግኘት የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ሞተር የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዘይቱን በገዥው ፊት ሞልቶ፥ አስነሥቶና አሳይቶ ቢያስረክብ፥ የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ሞተሩ ባለ አራት ምት የተባለው ፒስቶኑ አንድ ጊዜ ኀይል ለመስጠት አራት ጊዜ ስለሚመላለስ ነው። በመጀመሪያው ምት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ በሁለተኛው ይጨምቃል፤ በሦስተኛው ካንዴላው እሳት ሲረጭ ድብልቁ ተቃጥሎ ፒስቶኑን ይገፋል፤ በአራተኛው ጭሱ ይወጣል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በዚህ አሠራር የሚሄድ ሞተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ሠርቶ ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ለነጋዴው ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ዕውቀት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ይህ ሞተር ዘይቱን ለብቻው፥ ቤንዚኑንም ለብቻው የሚፈልግ መሆኑ ነው። በሞተር መጋዝ ሥራ የለመደ ሠራተኛ፥ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደሚጠይቀው፥ ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ያመጣል። ባለ አራት ምቱ ይህን ሲጠጣ ይጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሠራተኛው ዘይት የሰጠ መስሎት የዘይቱን ቤት ባዶውን መተዉ ነው።

የዘይቱ ነገር በመሙላት ብቻ አያበቃም። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ከፒስቶኑ ዘንግ በታች የተሠራች ትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት እየዞረች ዘይቱን ትረጨዋለች። ሞተሩ በተዳፋት ላይ ዘመም ብሎ ሲቀመጥ ማንኪያዋ ዘይቱን ላታገኘው ትችላለች፤ በወንዝ ዳር የሚቆም የውሃ መሳቢያ ሞተር ደልዳላ ቦታ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ገበያ በብዛት የሚታወቀው የሆንዳ ጂ.ኤክስ.160 ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ሲሆን፥ አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 20 የሥራ ሰዓቶች በኋላ፥ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ዘይቱ እንዲለወጥ ፋብሪካው ያዝዛል። የመጀመሪያው ለውጥ ቶሎ የሚደረገው አዲሶቹ ብረቶች ሲፋተጉ የሚረግፈው ብናኝ አብሮ እንዲወጣ ነው። ዘይቱ መቀዳት ያለበት ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጥኖ እድፉን ይዞ ይወርዳል። ከመጠን በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ ትርፉ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየወጣ በማርሚታው ነጭ ጭስ ያስወጣል፤ ባለቤቱም ፒስቶኑ ያለቀ መስሎት ወደ ጋራዥ ይሮጣል።

ከዘይት ቀጥሎ የሞተር ጠላት አቧራ ነው። በደረቅ ወራት በአቧራማ ቦታ የሚሠራ ሞተር የአየር ማጣሪያው፥ መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት፥ በየ10 ሰዓቱ መጽዳት ይገባዋል። ስፖንጅ የሆነው ክፍል በሳሙናና በለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ በቀስታ ተመትቶ አቧራው ይራገፋል፤ ካልጸዳ ይለወጣል። ሞተሩ ጉልበት አነሰው ብለው ማጣሪያውን አውጥተው የሚጥሉ ሠራተኞች አሉ። በዚያች ሰዓት በእርግጥ ይሻለዋል፤ አቧራው ግን ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርደዋል።

በአገራችን የትንንሽ ሞተሮች ብልሽት ከወራቱ ጋር የሚሄድ መሆኑን ያስተዋለ ነጋዴ ብዙ ይጠቀማል። የሣር ማጨጃው ሥራ የሚበዛበት ከሰኔ እስከ ጥቅምት፥ ሣሩ በሚያድግበት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ከማይጠጣ ግቢ ውስጥ ብዙ ወር ተሸፍኖ ይቀመጣል። የውሃ መሳቢያው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ሞተሩን በበጋ ያሠራዋል፤ ክረምት ሲገባ ወደ ጎተራ ያስገባዋል። ሁለቱም ሞተሮች ሲቀመጡ በካርቡሬተራቸው ውስጥ ቤንዚን አለ። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄድና እንደ ሙጫ ያለ ነገር በካርቡሬተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ማጨጃው በሰኔ፥ መሳቢያውም በኅዳር «አልነሣም» ብሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ ከሥራ ሲወጣ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋና በካርቡሬተሩ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሠራ ይተዋል፤ በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ ትርፉን ማፍሰስም ይቻላል። በጋኑ ውስጥ ያለውም ይቀዳል። አስቀድሞ የተጋገረው ግን ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በማጽጃ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ቀዳዳዎቹም በአየር ይነፋሉ። በሽቦ ወይም በመርፌ መውጋት እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ጂግለር የምትባለው የቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳ ስፋትዋ የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ስለሆነ፥ በሽቦ የተፋቀች ቀዳዳ ወደ ቀድሞ ልክዋ አትመለስም፤ ሞተሩም ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ያባክናል።

የቤንዚን ነገር ከተነሣ፥ ለኢትዮጵያ አስመጪዎች ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የአገሩ ከፍታ ነው። ከውጭ የሚመጡ ሞተሮች ካርቡሬተራቸው የሚስተካከለው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየርዋ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስለትም። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ሞተሩ በግድ ይነሣል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ወጪውም ይጨምራል። የሆንዳ ፋብሪካ በመመሪያው እንደሚገልጸው ጂግለሩ በትክክል ከተለወጠ በኋላም ቢሆን ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት በ3.5 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ካልተለወጠ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ የሚጐድለው 28 ከመቶ ነው። በካርቶኑ ላይ 5.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር በዋና ከተማዋ ከ4 የማይበልጥ ይሰጣል ማለት ነው።

ይህን የማያውቅ ሻጭ ለደንበኛው ልኩ የሆነ የሚመስል ፓምፕ ይሸጥለታል፤ ፓምፑም ውሃውን ከሚፈለገው ቦታ አያደርሰውም። የሚያውቅ ግን አስቀድሞ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ሞተር ያሳየዋል፤ ለከፍተኛ ቦታ የተሠራውን ጠበብ ያለ ጂግለርም ያስገባለታል። ፋብሪካው ይህ ለውጥ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር እንዲደረግ ይመክራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ጠባብ ጂግለር የገባለት ሞተር ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ ቢሄድ፥ በዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በዚያው ከቀጠለም ይቃጠላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፥ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን የሚያስብ ሻጭ «ዕቃው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሸጥም። በደረሰኙም ላይ የትኛው ጂግለር እንደ ገባ ቢጽፍ፥ በኋላ ሞተሩን የሚያየው መካኒክ በግምት አይሠራም።

የሣር ማጨጃ መኪና የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የተቋቋመው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን በ1953 ዓ.ም. ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀላል ሞተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፥ ሰው በእጁ የሚገፋው ባለ ሞተር ማጨጃ በየቤቱ ሊገባ ቻለ። በነዚህ መኪናዎች ምላጩ በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ የተሰካ ነው። ምላጩ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲመታ ቮላኖውን በዘንጉ ላይ በቦታው የምትይዘው ትንሽ ለስላሳ ሽብልቅ ትቆረጣለች። ያን ጊዜ እሳቱ በሰዓቱ አይረጭም፤ ሞተሩ አይነሣም፥ ወይም ገመዱን ከእጅ ይመነጭቃል። ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሙሉውን ሞተር ይጥላሉ። ዘንጉ ካልተጣመመ ግን የሚያስፈልገው ዋጋዋ ኢምንት የሆነች ሽብልቅና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ምላጩን ለመሳል መኪናውን የሚያጋድም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ መንቀል ይኖርበታል፤ ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሣ ስለሚችል ነገሩ የጣት ጉዳይ ነው። ሲጋደምም የአየር ማጣሪያው ያለበት ወገን ወደ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ወርዶ ማጣሪያውን ያበሰብሰዋል።

ካንዴላው በየ100 ሰዓቱ ይታያል። ለጂ.ኤክስ.160 በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የቫልቮቹም ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ሲለካ የማስገቢያው 0.15፥ የማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ግን ለሠለጠነ መካኒክ የሚተው ሥራ ነው።

ስለ መለዋወጫ ዕቃ አስመጪው የሚያስብበት ሌላም ነገር አለ። የሆንዳ ጂ.ኤክስ. ሞተሮች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ ልካቸውን ተከትለው የተሠሩ ብዙ የቻይና ሞተሮች በየገበያው ይገኛሉ። በነዚህ ላይ 168ኤፍ የሚል ጽሑፍ ሲታይ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ 1 የሲሊንደሩ ብዛት፥ 68 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር፥ ኤፍ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው። የጂ.ኤክስ.160 ሲሊንደርም 68 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማጣሪያ፥ ካንዴላ፥ የማስነሻ ገመድና ጓርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ። ሁሉም ነገር ይገጥማል ማለት ግን አይደለም። ካርቡሬተርና ጂግለር ከሞተር ሞተር ስለሚለያዩ፥ የሚታዘዙት በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ዓይነትና ቁጥር ተጽፎ መሆን አለበት።

ነገሩ ላኪውንም ይነካዋል። በትንሽ ሞተር የሚዞር የቡና መፈልፈያ በለቀማ ወራት ቢቆም፥ ቀይ ቡናው በተለቀመበት ቀን ሳይፈለፈል ያድርና ጣዕሙ ይበላሻል። ለመፈልፈያው ሞተር አንድ ትርፍ ካንዴላ፥ አንድ ማጣሪያና አንድ የማስነሻ ገመድ ቡናው ሳይቀላ በፊት ገዝቶ በጣቢያው የሚያስቀምጥ ሰው፥ በለቀማው መካከል መኪና ወደ ከተማ መላክ አያስፈልገውም። አሥር ሞተር የሚያዝ አስመጪም ከዚያው ትእዛዝ ጋር ሃያ ማጣሪያ፥ ሃያ ካንዴላ፥ ለየሞተሩ አንድ አንድ የከፍተኛ ቦታ ጂግለር፥ ጥቂት የካርቡሬተር ጓርኒሲዮንና የቮላኖ ሽብልቅ ቢጨምር፥ ሁሉም ተሰብስቦ ከአንድ ሞተር ካርቶን የሚበልጥ ቦታ አይዝም።