የቃል ኪዳን ቤተሰብነት ምን ይጠይቃል?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከመላ ሀገሪቱ ተማሪዎችን ይቀበላል። ብዙዎቹ ለአካባቢው እንግዳ ናቸው፤ በዓል ሲደርስ ወደ ሩቅ ቀያቸው መመለስ የማይችሉም አሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መላ አበጅቷል። «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በተሰኘው ፕሮጀክት ፈቃደኛ የጎንደር ነዋሪዎች ከሌላ አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጆቻቸው ይቀበላሉ። ተማሪው የአካባቢውን ባህል ያውቃል፤ የራሱንም ያሳውቃል።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ያለ አስተባባሪ አይዘልቅም። በምዝገባ ቀን እጁን ያወጣ ሁሉ በጥምቀት ዋዜማ ስልክ ላያነሳ ይችላል፤ ተስፋ ተሰጥቶት የተረሳ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ቤተሰብ ካልተመደበለት ይብስ ይከፋዋል። ስለዚህ ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ቋንቋ፣ ጾምና እምነትም ከምደባው በፊት ይጠየቃሉ፤ ሙስሊም ተማሪ በክርስቲያን ቤት ሲመደብ የሥጋው ነገር ቀድሞ ካልተነሣ ማዕዱ መተፋፈሪያ ይሆናል።

ከምደባ በኋላ አስተባባሪው ለሁለቱም ወገን ለየብቻ መደወል ይኖርበታል፤ ተማሪ ቅሬታውን በአስተናጋጆቹ ፊት አይናገርምና። መቀጠል ያልቻለ ቤተሰብም ያለ ወቀሳ ይሰናበታል፤ ለተማሪው ሌላ ቤት ይፈለግለታል።