«ነርቭ ነው» ተብሎ የታለፈው ላብ

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደምትበርድ የኖረባት ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያች ከተማ፣ በዚያው ወር፣ እናቴ በእኩለ ሌሊት ጋቢዋን ገፍፋ እየተነሣች መስኮት ትከፍት ነበር። ፊቷና ደረቷ እንደ ምጣድ ይግላል፤ የሌሊት ልብሷ በላብ ይርሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ደግሞ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ያን ጊዜ የ46 ዓመት ሴት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች።

ጎረቤቶቿ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ አሹላት። ሳይሻላት ሲቀር ወደ ክሊኒክ ሄደች፤ ደሟ ተመረመረና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት» ተባለች። የታዘዘላትን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጠች፤ ላቡ ግን እንዳለ ቀረ። ከወራት በኋላ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር። ሁለተኛው ሐኪም የልብ ምርመራ አድርገው «ልብዎ ጤነኛ ነው» ብለው አሰናበቷት። ሦስተኛው ከወንበራቸው ሳይነሡ «ነርቭ ነው፤ ሐሳብ አያብዙ» አሉና የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፉላት።

ከሦስቱ ስለ ወር አበባዋ የጠየቃት አልነበረም። እርሷም አልተናገረችም። ሐኪሞቹ ያስተማረቻቸውን ልጆች የሚያህሉ ወንዶች ነበሩና አፈረች። በዚያው ዓመት የተማሪዎቿን ስም ሰሌዳ ፊት ቆማ ትረሳ ጀመር። «አእምሮዬ እየሄደ ነው» ብላ ሥራዋን ለመልቀቅ ማመልከቻ መጻፏን የሰማሁት፣ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ወደ ቤት በተመለስኩበት ሰሞን ነው።

ለመሆኑ በሰውነቷ ውስጥ ይካሄድ የነበረው ምንድን ነው?

በአማርኛ «ማረጥ» የሚለው ቃል የመንገዱን መጨረሻ እንጂ መንገዱን አይገልጽም። የፈረንሳይኛው «ሜኖፖዝ»ም ቢሆን ትርጉሙ የወር አበባ መቆም ነው፤ ቃሉን በዚህ መልኩ ለሕክምና ያዋለው ጋርዳን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው ለተከታታይ 12 ወራት የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው፤ ስለዚህ ማረጥ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታወቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሽግግር፣ በዚህ ጽሑፍ «ቅድመ ማረጥ» የምንለው፣ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ስምንትና ከዚያም በላይ ዓመት ይቆያል።

ሴት ልጅ ስትወለድ በሁለቱ የእንቁላል እጢዎቿ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው አንድ እንቁላል ያቀፉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዛ ነው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ያህሉ ይቀራሉ። በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት እንቁላሎች 400 ወይም 500 ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት በየጊዜው ይከስማሉ። የከረጢቶቹ ቁጥር እየተመናመነ ሲሄድ እጢዎቹ ከአንጎል ለሚመጣው ትእዛዝ የሚሰጡት መልስ ይዛባል። በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ እጢ ከረጢቶቹን የሚያሳድገውን ሆርሞን፣ ማለትም ኤፍ ኤስ ኤችን፣ አብዝታ ትልካለች። አንዳንድ ወር መልስ ይጠፋል፤ አንዳንድ ወር ደግሞ መልሱ ይበዛና የኤስትሮጅን መጠን በወጣትነት ከነበረው እንኳ በልጦ ይገኛል።

ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ኤስትሮጅን ቀስ እያለ እንደ ጀምበር የሚጠልቅ ይመስለዋል። እውነታው ግን መውጣትና መውረድ፣ መናጥ ነው። እንቁላል ባልወጣበት ወር ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን አይመረትም፤ በዚህ ጊዜ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ያለ ልጓም ይወፍርና ሲፈርስ ከባድ መድማት ያስከትላል። አንዲት ሴት በአንድ ወር ብዙ ደም ፈስሷት በሚቀጥለው ምንም የማታየው በዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ደም መርምሮ ማወቅ አይቻልምን? ነሐሴ ውስጥ በአንድ ቀን የአዋሽን ውኃ ለክቶ የዓመቱን ፍሰት መናገር የሚቻል ከሆነ ይህም ይቻላል። ኤፍ ኤስ ኤች ዛሬ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ወጣት ሴት ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ልህቀት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከ45 ዓመት በላይ የሆነች ሌላ ሕመም የሌለባት ሴት የትኩሳት ማዕበልና የተዛባ የወር አበባ ካላት፣ ቅድመ ማረጥ መሆኑ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ እንዲወሰን ደንግጓል። ከ40 ዓመት በታች ላለች ሴት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የደም ምርመራው አስፈላጊ ነው።

ይህ መመሪያ የያዘውን ቁም ነገር ልብ ይሏል። ከ45 ዓመት በላይ ላለች ሴት የሐኪሙ ዋና የመመርመሪያ መሣሪያ የራሷ ንግግር ነው ማለት ነው። ንግግሯ ካልተደመጠ መሣሪያው ተሰብሯል።

እናቴን ያሳሳታት የመጀመሪያው ምርመራም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ድካም አለው። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የሚፈልገው ተሕዋስያኑን ሳይሆን ሰውነት በተሕዋስያኑ ላይ ያመረታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ ደግሞ ካለፈ ሕመም ተርፈው ወይም በሌላ ተዛማጅ ተሕዋስያን ምክንያት ሊገኙ ይችላሉ። ታይፎይድ በተስፋፋበት አገር አንድ ጊዜ የተደረገ የዊዳል ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ወረቀት ላይ የታተመ ነውና ከአንዲት ሴት ቃል ይልቅ ይታመናል።

ወደ «ነርቭ» እንመለስ። ሦስተኛው ሐኪም ሳያውቁት እውነት ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ናኦሚ ራንስ ከሞት በኋላ የተገኙ የሴቶች አንጎሎችን ሲመረምሩ፣ ያረጡ ሴቶች ሃይፖታላመስ ውስጥ አንድ ዓይነት የነርቭ ሕዋሳት ከተለመደው በላይ ገዝፈው አገኙ። ኋላ እንደታወቀው እነዚህ ሕዋሳት ኒውሮካይኒን ቢ የተባለ መልእክት አስተላላፊ ያመነጫሉ፤ በደኅናው ጊዜ ልጓማቸውን የሚይዘው ኤስትሮጅን ነው። ልጓሙ ሲላላ ያለ መጠን ይነቃቃሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ማዕከል ነው። እርሱም ሰውነት ሳይሞቅ የሞቀ መስሎት የቆዳ የደም ሥሮችን ይከፍታል፤ ላብ ያዛል። ሙቀቱ ባክኖ ሲያልቅ ብርድ ብርድ ይላል። እናቴ በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት የከፈተችው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህ ግኝት ከመጽሐፍ አልፎ መድኃኒት ሆኗል። የኒውሮካይኒን ቢን መቀበያ የሚዘጋው ፌዞሊኔታንት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተፈቅዷል፤ ሆርሞን አይደለም፤ ይሁንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይጠይቃል። «ነርቭ ነው» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ቢሆን ኖሮ «ይለፍልሽ» ማለት ባልከፋ። በአሜሪካ ከ3,300 በላይ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው «ስዋን» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ውጤት፣ በተደጋጋሚ የትኩሳት ማዕበል ከሚያጋጥማቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ7.4 ዓመት በላይ እንደቆየባቸው አሳይቷል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አኃዙ 10.1 ዓመት ነበር። የአሜሪካ ቁጥር የኢትዮጵያን ሴት ይወክላል ባይባልም፣ ጊዜው አጭር ነው የሚለውን እምነት ግን ያፈርሰዋል።

ሐኪሞቹ ላይ ብቻ መፍረድ ደግሞ ፍትሕ አይሆንም። በአሜሪካ የተካሄደ አንድ ታላቅ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አጣምሮ መውሰድ የሚያስከትለውን በጠቅላላው 16,608 ሴቶችን ባካተተ ክፍሉ ሲከታተል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ይህ ክፍሉ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ምክንያቱ የጡት ካንሰርና ሌሎች ጉዳቶች መጨመራቸው ነበር። ዜናው ዓለምን አዳረሰና የሆርሞን ሕክምና አጠቃቀም በብዙ አገሮች አሽቆለቆለ። ዜናው ያላደረሰው ነገር የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረና የጡት ካንሰር ጭማሪው በዓመት ከ10,000 ሴቶች በስምንቱ ላይ መሆኑን ነው። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች እንዳመለከቱት፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ምልክቱ ለበረታባቸውና ሌላ የሚከለክል ሕመም ለሌለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት የነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት ያላት ሴት ግን ከዚህ ውጪ ናት። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የነበረውን ከባድ ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው እንደሚያነሣ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ነው።

በመካከሉ ግን አንድ ሙሉ የሐኪሞች ትውልድ ርእሱን እየፈራና እየዘለለ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት ከተጠየቁት 177 በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች መካከል ያረጡ ሴቶችን ለማከም በቂ ዝግጅት እንዳላቸው የተናገሩት 6.8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አልማር ያለ ሰው ሳይሆን ያልተማረ ሰው ፊት መቅረብን የሚጠይቅ ችግር ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ለሐኪሙ ማስረጃ ይዛለት ትሂድ።

እናቴ የያዘችው ማስረጃ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነበር። መምህርት ናትና ስም መጥሪያ መዝገብ አስመስላ ዓምድ አሰመረችበት፤ በአግድም ቀን፣ በቁልቁል ምልክት። ደም የታየበትን ቀንና ያለቀውን የሞዴስ ብዛት፣ ላቡ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳት፣ የልብ ምት፣ ቁጣ፣ መርሳት፣ የጠጣችው ቡና ሳይቀር ሰፈረ። ለጥንካሬው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሰጠች። ይህ የነጥብ አሰጣጥ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ግሪን የተባለ ተመራማሪ ያዘጋጀው ባለ 21 ጥያቄ መመዘኛ የሚሠራበት ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑም ዑደት ለመቁጠር እንዴት እንደሚመች ያየሁት ያኔ ነው፤ ጳጉሜን ብቻ አለመርሳት ነው።

ሦስት ወር ከጻፈች በኋላ ቀድሞ ካስታወሰቻቸው ቀኖች ጋር ደመርን። በአንዱና በሚቀጥለው ዑደት መካከል የነበረው ልዩነት ደጋግሞ ከሰባት ቀን በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ተደንግጎ በ2011 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የደረጃ ምደባ የቅድመ ማረጥን መጀመሪያ የሚለየው በዚሁ ነው፤ የወር አበባ ለ60 ቀንና ከዚያ በላይ ሲጠፋ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ገብቷል ይባላል።

አራተኛዋ ሐኪም ሴት ነበሩ፤ ግን ልዩነቱን ያመጣው ይህ አይመስለኝም። እናቴ ገና ስትቀመጥ «ሌሊት ያልበኛል» አላለችም። «ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በሳምንት አምስት ሌሊት በላብ እነቃለሁ፤ ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ቅድመ ማረጥ ይሆን ብዬ ልጠይቅዎ መጣሁ» አለችና ደብተሩን ዘረጋች። ሐኪሟ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። ከዚያም ጠየቁ፤ «የኔ እናት፣ ደሙ ሲመጣ በየስንት ሰዓቱ ይቀይራሉ?» በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መቀየር ከባድ መድማት እንደሆነ አስረዷት።

ሌላ ሕመም እንዳይሆንም መረመሯት። ይህ እጅግ ተገቢ ነው፤ በአገራችን የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ነው፤ የታይሮይድ እጢ መዛባትም ልብ ያስመታል፤ ላብ ያመጣል። ወር አበባ የጠፋባት የ46 ዓመት ሴት እርጉዝ ልትሆንም ትችላለች። የእናቴ ሳንባና ታይሮይድ ደኅና ነበሩ፤ ደሟ ግን እጅግ አንሶ ተገኘ። ድካሙ፣ የልቧ መምታት፣ ከፊሉም መርሳቷ ከዚያ የመጣ ነበር። ለሦስት ክሊኒኮች የከፈለችው ገንዘብ ሳይሆን በዚያ ሁሉ ጊዜ የፈሰሰው ደም ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

የብረት ማዕድን ታዘዘላት፤ ለመድማቱና ለላቡም ሕክምና ተጀመረላት። ላቡ ወዲያው አልጠፋም፤ በሌሊት አራት ጊዜ የነበረው በሁለት ወር ውስጥ አንዴ ወይም ምንም ሆነ። ማመልከቻው ሳይገባ ቀረ።

ካረጠች እነሆ ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐኪሟ በመጨረሻ ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ነበር፤ 12 ወር ሙሉ ከቆመ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ከታየ የማሕፀን ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ነገ ዛሬ ሳይባል መመርመር አለበት። ይህንንም በደብተሩ የጀርባ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች። ባለፈው መስከረም የ43 ዓመት ታናሽ እኅቷ አዲስ ደብተር ገዝታ መጣች፤ ዓምዶቹን በማስመሪያ ያሰመረችላት እናቴ ናት።